አላርሙ የጠራቸው ሴትዮ

ኮሮና ጋብ ሲል በሰው አገር፣ ካንሳንጋ በሚባል ሰፈር ያለውን ምግብ ቤቴን መልሼ ከፈትኩና፣ ሌባ ሲገባ ወደ ጥበቃ ድርጅት በራሱ የሚደውል አላርም አስገጠምኩ። ቴክኒሻኑ ሙሳ፣ «ለሙከራ ነው፤ በፈለግከው ቋንቋ ድምፅህን ቅረጽ» አለኝ። እኔም በአማርኛ፣ «ካንሳንጋ፣ ደስታ ምግብ ቤት ሌባ ገብቷል!» አልኩ።

በሩን ስከፍት አላርሙ ስልክ ደውሎ የቀረጽኩትን አሰማ። ከወዲያ የሴት ድምፅ በአማርኛ፣ «በስመ አብ! መጣሁ!» አለና ስልኩ ተዘጋ።

ድርጅቱ አበሻ ቀጥሯል እንዴ? ገረመኝ። ሙሳ መሰላል ላይ ወጥቶ ያስገባውን ስልክ ቁጥር ቢያጣራ፣ አንዱን አሃዝ ተሳስቷል። ይህንኑ እየነገረኝ ሳለ አንድ ቦዳ የሚሉት የኪራይ ሞተር በራፌ ላይ ቆመ። ነጠላ ያገለደሙ፣ የማላውቃቸው ሴትዮ ዘነዘና ይዘው ወረዱ።

ሽቅብ ሙሳን እያዩ፣ «ይሄ ነው ሌባው?» አሉኝ።

«ኧረ አይደለም! እርስዎ ማን ነዎት?»

«ከማኪንድዬ በርሬ የመጣሁት ደውለህልኝ አይደል እንዴ? በል፣ መሰላሉን ያዝልኝ!»