ምስማሩ ላይ የተሰቀለው ዳቦ

የጎረቤቴ ልጅ ዙምራድ ሠዓሊ ናት ይባላል እንጂ እጇ ላይ ቀለም አይቼ አላውቅም። ሥራዋ ሁሉ ኮምፒውተር ላይ ነው። እኔ ኡዝቤኪስታን፣ ኮካንድ ከተማ ውስጥ ታንዱር የምንለውን የሸክላ ምድጃ እያነደድኩ ዳቦ ስጋግር ያረጀሁ ሴት ነኝ፤ እጅ የማያቆሽሽ ሥራ ሥራ አይመስለኝም። ይህንንም ፊት ለፊት ነግሬያታለሁ። እሷ ትስቃለች። ስትስቅ የአንዱ የፊት ጥርሷ ጫፍ መሸረፉ ይታያል፤ በልጅነቷ የእኔ በር ላይ ስትንጠላጠል ወድቃ ነው የሰበረችው።

ካቻምና ሥራዋን በውጭ አገር እየዞረች እንድታሳይ ተጠራች። መጀመሪያ ትብሊሲ፣ ከዚያ ሴኡል፣ መጨረሻ ሊዝበን፤ ዓመት የሚፈጅ ጉዞ። እናቷ ሆሺያት ደስታዋን ለሰፈሩ ሁሉ ስትናገር ሰነበተች፤ እኔ ጋ ስትመጣ ግን ታንዱሩ አጠገብ ቁጭ ብላ እሳቱን ታያለች። ምን እንደያዛት አውቃለሁ። እኛ ዘንድ ሩቅ የሚሄድ ሰው ከዳቦ አንዴ ነክሶ ይወጣል፤ የቀረው በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ባለቤቱ ተመልሶ እስኪጨርሰው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። የዙምራድ አባትም ነክሶ ነበር የወጣው። ሩሲያ ለሥራ ሄዶ እዚያው ሌላ ትዳር ያዘ። ዳቦው ደርቆ ደርቆ በመጨረሻ ሲፈራርስ ሆሺያት ፍርፋሪውን ሰብስባ ለወፍ ሰጠችው። ምስማሩን ግን አልነቀለችውም።

የዙምራድን ዳቦ የጋገርኩት እኔ ነኝ፤ መሀሉን የአበባ ቅርጽ በሚያወጣው መውጊያዬ ወጋግቼ። ልጅቷ አፏን ሞልታ ነከሰችውና፣ መኪናው ውጭ እየጠበቀ፣ ዳቦውን ዙሪያውን ፎቶ ታነሳ ጀመር። አበድሽ እንዴ ብላት «አንድ ደቂቃ ይታገሱኝ፣ ሳሎማት ኾላ» አለችኝ፤ ኾላ አክስቴ ማለቷ ነው። ለካ ለሥራዋ ኖሯል። ትብሊሲ ደርሳ በስልክ አሳየችን፦ ጨለማ አዳራሽ ውስጥ ቤት የሚያህል ዳቦዬ ግድግዳው ላይ ቀስ እያለ ይዞራል፤ ንክሻዋ፣ የተሸረፈው ጥርስ ምልክት ሳይቀር፣ ገደል አክሎ ይታያል። ሰዉ ከሥሩ ቆሞ አንጋጦ ያያል። ከዚያ ቀን ጀምሮ የኮምፒውተር ሥራ መናቄን ተውኩ፤ ዳቦው የእኔ ነዋ።

በረዶው ሊያልቅ አካባቢ አንድ ጠዋት ሆሺያት ሻሿን ገልብጣ አስራ መጣች። ፊቷ ዐመድ መስሏል። አይጥ ጨርቁን ቀዶ ዳቦውን ጨርሶታል። በዚያው ሳምንት ደግሞ ዙምራድ ደውላ፣ የሴኡል ሰዎች እዚያው ቀርታ ሁለት ዓመት አብራቸው እንድትሠራ እንደጠየቋት፣ ምን እንደምትመልስላቸውም ገና እንዳልወሰነች ነግራታለች።

«አይጥ ቪዛ አይሰጥም፣ አይከለክልም» አልኳት።

«አንቺ ቀልጂ። የአባቷ ዳቦ ተሰቅሎ እያለ እንኳ ሰውየው ቀረ። የእሷ ጭራሽ የለም።»

አንጀቴን በላችው። ያንኑ መውጊያ ይዤ ሌላ ዳቦ ጋገርኩላት። ማን ይንከሰው ስንባባል፣ ለእኔ የቀሩኝ ጥርሶች ለዚህ አይበቁም፤ ራሷ ነከሰችው። ሆሺያት ሰው ቤት ተጋብዛ እንኳ እየቆነጠረች ነው የምትበላው፤ ንክሻዋም እንደዚያው ትንሽ ሆነ። ከፊት አንድ ጥርስ ስለጎደላት ደግሞ ንክሻው መሀል ላይ ጉብታ ቀረ። ግድ የለሽም፣ የራሱን ንክሻ የሚያስታውስ ሰው የለም ብዬ አጽናናኋት። የራሷን ንክሻ ግድግዳ አክሎ ስታይ የከረመች ልጅ እንዳለች ትዝ አላለኝም።

ከዚያ በኋላ ስልክ በጮኸ ቁጥር የሆሺያት ልብ ይሰቀላል። ልጅቷ ስለ ሴኡል ካነሳች ትፈራለች፤ ካላነሳችም ትፈራለች። ልጠይቃት ትልና ስልኩን ስትይዝ ስለ አየሩ ታወራለች።

ጥጥ በሚለቀምበት ሰሞን ዙምራድ መጣች። ከስታለች፣ ፀጉሯን ተቆርጣለች። ለእኔ ከሊዝበን የታሸገ ዓሣ አምጥታልኛለች፤ ምን እንደማደርገው እንጃ። ፕሎቩ፣ በሥጋና በካሮት የሚሠራው ሩዛችን፣ እሳት ላይ ነበር፤ መጀመሪያ ግን ዳቦው ነው የሚቀርበው። ሆሺያት ከምስማሩ አውርዳ፣ ጨርቁን ፈትታ፣ ከሻይ ጋር አቀረበችላት።

ዙምራድ ዳቦውን አንስታ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችው፤ ቀስ እያለች፣ ልክ ግድግዳው ላይ እንደምታዞረው። ጉብታውን በጣቷ ዳሰሰች። እናቷን አየች፤ ከዚያ እኔን አየች። እኔ ማንቆርቆሪያውን ማየት ጀመርኩ።

«እማዬ፣ ይሄን የነከሰው ሰው ገና አልሄደም።»

ሆሺያት እፍረት ውጧት አቀረቀረች። እኔ አይጡንም፣ አዲሱን ዳቦም፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ልጅቷ ትስቃለች ወይ ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ ተነስታ እናቷ አጠገብ ተቀመጠች።

«የእኔን አይጥ በላው። እኔ ግን ይኸው መጣሁ» አለቻት። «የሴኡሎቹንም ከቤቴ ሆኜ ነው የምሠራላችሁ ብያቸዋለሁ።»

ሆሺያት ዓመት ሙሉ የያዘችውን እንባ ያኔ ለቀቀችው። እኔም አልቻልኩም፤ ሽንኩርቱ ነው ብዬ አሳበብኩ። ዙምራድ ግን ነገሯን አልጨረሰችም ነበር። ዳቦውን መልሳ ጠቀለለችና ምስማሩ ላይ ሰቀለችው። ሊዝበኖች በጸደይ እንደገና ጠርተዋታል፤ አብረን ነው የምንሄደው አለች።

«እኔ? እኔ እኮ ታሽከንትንም በቅጡ አላውቃት» አለች ሆሺያት።

«እና ማን ንከሽ አለሽ?»

ሆሺያት በረዶው እስኪያልቅ ጉልበቴን ያመኛል፣ ዶሮዎቹን ማን ያበላልኛል ስትል ከረመች፤ ፓስፖርቷ ሲመጣ ግን ከአልጋዋ ራስጌ አኑራ በየጊዜው ገልጣ ፎቶዋን ታያለች።

የጸደዩን አዲስ ዓመት፣ ናቭሩዝን፣ አክብረው ሄዱ። የቤታቸው ቁልፍ እኔ ጋ ነው፤ ዶሮዎቹን አበላለሁ፣ ድመቴንም እዚያ አሳድራታለሁ። ትናንት ሆሺያት ከአዳራሹ ደውላ ስልኩን ወደ ግድግዳው አዞረችልኝ። የልጇ ንክሻ ከሆሺያት አናት በላይ ጎልቶ ይታያል። እንዲህ አፏን ሞልታ ነክሳ የወጣች ልጅ ትቀራለች ብዬ መፍራቴ አለችና እየሳቀች እንባዋን ጠረገች። ከዚያ ዳቦዬስ አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አለ፣ ማንም አልነካውም አልኳት።

«ጠብቂልኝ» አለች። «ትንሽ ነው የነከስኩት። ስመጣ ብዙ ነው የምበላው።»