የአሰላ ዳገትና የወንድሜ ካምቢዮ

ስለ ወንድሜ ስለ ኑሬ መልካም መልካሙን የሚያወራ ሰው ናዝሬት ውስጥ ሞልቷል። እጁ ወርቅ ነው ይላሉ። ዓይኑን ጨፍኖ ብስክሌት ፈትቶ ይገጥማል ይላሉ። ሰው አይጎዳም ይላሉ። እኔ ሳፊያ የእናቱ ልጅ ነኝ፤ ከእሱ ጋር ከአንድ ትሪ በልቼ ነው ያደግኩት። እነሱ ሲያወሩ አንገቴን ደፍቼ ማዳመጥ ሰልችቶኛል። ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው፤ ንዴቱም እስከ ዛሬ አልበረደልኝም።

አባታችን ከወሎ መጥቶ ገበያው አጠገብ ሱቅ የከፈተ ሰው ነበር። ኑሬ ከሱቁ ይልቅ በረንዳውን ይወድ ነበር፤ የሚከራዩት ብስክሌቶች የሚቆሙት እዚያ ነበርና። ገና በልጅነቱ የተበሳ ካላማዳሪ ይለጥፋል፣ የጎማውን ሽቦ ራጂውን ይቀይራል፣ ፍሬን ያጠብቃል። ከፍ ሲል ከአንድ ጣሊያን ግቢ የወጣ አሮጌ ኮርሳ ብስክሌት ገዛና ውድድር ጀመረ። ጭኑ እንደ ግንድ ነበር። እናታችን ዙለይካ ሱሪው በየወሩ እየጠበበው «ይሄ ልጅ ጨርቅ ሊያስጨርሰኝ ነው» ትል ነበር።

ናዝሬት ሜዳ ናት፤ ይህን የማያውቅ ሰው ቀጥሎ የማወራው አይገባውም። ብስክሌተኞቿ ሁሉ ሜዳ ላይ ያደጉ፣ ሜዳ ላይ የሚሸላለሙ ናቸው። ስለዚህ ካምቢዮ ሲመርጡ ዓይናቸው የሚሄደው ወደ አጭሩ ነው። ካምቢዮ ማለት ከኋላ ጎማ ሥር ተንጠልጥሎ ካቴናውን ከአንዱ ማርሽ ወደ ሌላው የሚያሻግረው ዕቃ ነው። ሁለት ትንንሽ ጥርሳም ጎማ ያለበት ክንድ አለው፤ የክንዱ ሥራ ካቴናው ሲላላ መሳብ፣ ሲወጠር መልቀቅ ነው። ክንዱ አጭር ሲሆን ቀላል ነው፣ ቶሎ ይቀይራል፣ ሲያዩትም ያምራል። ግን ብዙ ካቴና መልቀቅ አይችልም። ለዳገት ደግሞ ከኋላ እንደ ሰሃን የሰፋ ማርሽ ያስፈልጋል፤ ሰፊ ማርሽ ካቴና ይበላል፤ አጭሩ ክንድ እስከ መጨረሻው ይለጠጥና ወይ ይሰበራል ወይ ራጂ ውስጥ ይገባል። ረጅሙ ክንድ የተሠራው ለዚህ ነው። አበቃ፤ ከዚህ በላይ ፍልስፍና የለውም። የናዝሬት ጎረምሳ ግን ረጅሙን «ዘንዛላ» እያለ ይስቅበት ነበር፤ ዘንዛላ የገጠመ ሰው የሴት ዓይን አይሞላም ተብሎ ይታመን ነበር። ከዚያ መንደር የወጣሁ ሴት ነኝ፤ አንዲት ሴት እንኳ ጎንበስ ብላ የወንድ ካምቢዮ ስታይ አላየሁም።

በ1978 ዓ.ም. ለአብዮት በዓል ከናዝሬት አሰላ ድረስ የብስክሌት ውድድር ይደረጋል ተባለ። ከተማው ዳር ያለው ፋብሪካ የብስክሌት ቡድን ሊያቋቁም ነው፣ ከናዝሬት ልጆች አንደኛ የወጣውን ይቀጥራል ተባለ። ይህ ምን ማለት እንደነበር የዚያ ዘመን ሰው ያውቃል። ጊዜው የአፈሳ ጊዜ ነበር። ቀበሌው ጎረምሳ ከመንገድ፣ ከቤት፣ ከኳስ ሜዳ እያፈሰ ለብሔራዊ ውትድርና ወደ ማሠልጠኛ ይልክ ነበር፤ ከዚያም ሰሜን ነው። የፋብሪካ መታወቂያ የያዘ ስፖርተኛ ግን ይተርፋል። ለወንድሜ ውድድሩ የሕይወት ጉዳይ ነበር።

ለናዝሬት ልጆች የተሰጡት ብስክሌቶች ከአንድ ወዳጅ ሶሻሊስት አገር በስጦታ የመጡ አዲሶች ናቸው። ሁሉም አጭር ካምቢዮ አላቸው። ኑሬ አንዱን አገላብጦ አየና ወደ ኩየራ ሄደ፤ ከሚሲዮኖቹ ግቢ ከተጣለ አሮጌ የጉዞ ብስክሌት ላይ ረጅም ካምቢዮና ሰፊ ማርሽ ፈትቶ ይዞ መጣ። ይህን ልግጠም ብሎ ለስፖርት ኮሚቴው አቀረበ። እዚህ ላይ ነው ደሜ የሚፈላው። ካምቢዮ ለመግጠም ስብሰባ ተጠራ!

የኮሚቴው ሊቀመንበር ጓድ ወልደአማኑኤል ነበር። ብስክሌት የማያውቅ ሰው ቢሆን ይቅር እለው ነበር። በጃንሆይ ጊዜ ራሱ ተወዳዳሪ ነበር፤ ዳገት ምን እንደሆነ ያውቃል። ግን በበዓሉ ቀን ፎቶግራፍ አንሺ ከአዲስ አበባ ይመጣል፣ ብስክሌቶቹ አንድ ዓይነት ሆነው እንዲታዩ ፈልጓል። እንደዚያ ብሎ ቢናገር ምናለበት! እሱ ግን ዕቃውን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ፣

«ጓድ ኑሬ፣ ይሄ ከየት መጣ?» አለው።

«ከኩየራ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር። ለዳገቱ ይሻላል ብዬ ነው።»

«የወንድም ሕዝብ በላከልን ብስክሌት ላይ የሚሲዮን ክንድ ልትቀጥል ነው? ጓዶችህ ሁሉ በአንድ ዓይነት ሲወዳደሩ አንተ ለብቻህ? ይህ ግለኝነት አይባልም?»

አዳራሹ አጨበጨበ። አጨብጫቢዎቹ አብዛኞቹ ካምቢዮ ከፍሬን የማይለዩ ነበሩ። ውሳኔ ተላለፈ፤ ትክክለኛው ካምቢዮ አጭሩ ነው።

የውድድሩ ዕለት ጠዋት ኑሬ ከአንድ የቆመ መኪና ጀርባ ተንበርክኮ ካምቢዮውንና ማርሹን ቀየረ። ማንም አላየውም፤ ሁሉም መፈክር ሲለማመድ ነበር። እኔ በወጣት ማኅበሩ ካሚዮን ላይ ተጭኜ ከኋላ እከተል ነበር። ከመልካሳ ድልድይ እስከ ዴራ ተወዳዳሪዎቹ ይቀላለዱ ነበር። ከዴራ ወዲያ ማንም አልቀለደም። ኢተያ ስንደርስ የናዝሬት ልጆች ከብስክሌታቸው ወርደው እየገፉ ነበር፤ አንዱ መንገድ ዳር ተቀምጦ ያስመልሳል። ኑሬ ግን ሰፊው ማርሽ ላይ አድርጎ፣ ቁጭ ብሎ፣ ቀስ እያለ፣ ሳያቋርጥ ይወጣል። ድምፄ እስኪዘጋ ጮህኩለት። አሰላ ሲገባ ከአንድ የጦር ሠራዊት ተወዳዳሪ ቀጥሎ ሁለተኛ፣ ከናዝሬት አንደኛ ሆነ። የፋብሪካው የስፖርት ኃላፊ እዚያው እጁን ጨብጦ «የእኛ ሆነሃል» አለው። እናታችን ስትሰማ መሬት ላይ ተደፍታ አላህን አመሰገነች።

ጓድ ወልደአማኑኤል ግን ካምቢዮውን አይቶ ነበር። ለመቀጠር የሚያስፈልገውን የድጋፍ ደብዳቤ ለፋብሪካው የሚሰጠው ደግሞ እሱ ነው። እንደገና ስብሰባ ተጠራ። ኑሬ ሕዝብ ፊት ቆሞ ግለሂስ ያድርግ፣ ረጅሙ ስህተት እንደነበር ይናገር፣ ያኔ ድጋፉ ይሰጠዋል ተባለ። እንቢ ካለ የሚቀጥለው አፈሳ ላይ ስሙ አለ።

ኑሬ እንቢ ሊል ነበር። «ዳገቱን የወጣሁት በእሱ ነው፤ እንዴት ብዬ ነው ስህተት ነው የምለው?» ብሎ ግድግዳ ግድግዳ ሲያይ ዋለ። እናታችን አጠገቡ ተቀምጣ ጉልበቱን ያዘችው።

«ኑሬ፣ ልጄ፣ ብረት እኮ ነው። ስለ ብረት ዋሽተህ ብትድን አላህ አይቆጣህም። አንድ ቃል ተናገርና ወደ ቤትህ ና።»

ሄደ። ቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ቆሞ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ «ግለኝነት አጥቅቶኝ ነው። ያሸነፍኩት በጓዶቼ ድጋፍ ነው። ለአሰላ መንገድም ቢሆን ትክክለኛው አጭሩ ነው» አለ። ዳገቱን ሲገፉ የዋሉት የቡድኑ ልጆች ሳይቀሩ አጨበጨቡ። ወልደአማኑኤል ተነስቶ አቀፈው። ያን ቀን በወንድሜ አልተናደድኩም። ውሸቱ የእነሱ ነበር፤ እሱ አፉን ብቻ ነው ያዋሳቸው። ቤት ገብቶ እራት ሲበላ አይቼው ደስ ብሎኛል፣ ይህን አልክድም። ፋብሪካ ገባ፣ መታወቂያ ያዘ፣ እሑድ እሑድ በአባታችን በረንዳ ላይ ብስክሌት መጠገኑን ቀጠለ።

ገርባ የሚባለውን ልጅ የማውቀው ከዚህ ሁሉ በፊት ነው። የሽንኩርት ነጋዴዋ የወይዘሮ ወርቄ ልጅ ነው፤ አንድ ልጇ። እህል ወፍጮ ቤት ጆንያ ይሸከም ነበር። ሳቂታ፣ ኦሮምኛና አማርኛ ቀላቅሎ የሚያወራ፣ ደሞዙን አጠራቅሞ የራሱን ኮርሳ የገዛ ልጅ ነው። በ1979 ውድድሩ ሲደገም ፋብሪካው አንድ ሰው ይጨምራል ተባለ። ገርባ በግሉ ተመዘገበ። ብስክሌቱ የራሱ ስለሆነ የፈለገውን ቢገጥም ኮሚቴውን አያገባውም። ዳገቱን ግን ሞክሮት አያውቅም፤ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ጆንያ ሥር ነው።

እሑድ ቀን ነበር፣ ፀሐይዋ አናት የምትበሳበት ሰዓት። መንገዱ ላይ ውሻ እንኳ አልነበረም። እኔ ሱቁ ውስጥ ስኳር እመዝናለሁ፣ ኑሬ በረንዳው ላይ ነው። ገርባ ብስክሌቱን እየገፋ መጣ።

«አካም ኑሬ? ነጋ?» ብሎ በኦሮምኛ ሰላም አለው።

«ነጋ፣ ነጋ። ና ቁጭ በል።»

ገርባ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ፈታ። ረጅም ካምቢዮ ነበር፤ ሻሸመኔ ድረስ ሄዶ ያገኘው። ብስክሌቱ ላይ ሰፊውን ማርሽ አስቀድሞ አስሯል፤ ካምቢዮው ግን ገና አጭሩ ነው።

«ኑሬ ወንድሜ፣ ያን ዳገት የወጣው አንተ ብቻ ነህ። የትኛውን ልግጠም? ስብሰባ ላይ ያልከውን ሰምቻለሁ፤ እሱን አይደለም የምጠይቅህ። አንተን ነው የምጠይቀው።»

ኑሬ ረጅሙን ተቀበለው። ትንንሾቹን ጎማዎች በጣቱ አዞራቸው። ወደ መንገዱ አየ፤ ማንም የለም። ከዚያ መልሶ ጋዜጣው ላይ አስቀመጠውና፣

«አጭሩ ይሻላል» አለው።

«ለአሰላም?»

«ለአሰላም።»

ገርባ አመስግኖ ሄደ። ሚዛኑን ትቼ ወጣሁ። «አብደሃል? ጥራው! ሮጠህ ጥራው!» አልኩት። ወንድሜ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። «ማን እንደላከው በምን አውቃለሁ?» አለኝ። ገርባን እኮ ነው! ከልጅነቱ ጀምሮ በረንዳችን ላይ ያደገውን፣ አባታችን ሲሞት ድንኳን የተከለውን ገርባን። «ራሴ እነግረዋለሁ» ብዬ ብነሳ እጄን ጨምድዶ ያዘኝ። «አንቺ ብትነግሪውም ከእኔ እንደሰማሽ ያውቃል። መታወቂያዬን ልታስቀሚኝ ነው?» አለ። በዚያው ሳምንት ወፍጮ ቤት ሄጄ ለገርባ ነገርኩት። ሳቀብኝ፤ «ሳፊያ፣ አንቺ ደግሞ ካምቢዮ መቼ ተማርሽ? ኑሬ እኮ ነው የነገረኝ» አለኝ። የወንድሜ ስም እንደዚያ ይታመን ነበር።

ከዴራ ወዲያ፣ ልክ ዳገቱ ሲጀምር፣ ገርባ ሰፊው ማርሽ ላይ ሲያስገባ አጭሩ ክንድ ተለጥጦ ራጂው ውስጥ ገባ። ጎማው ተቆልፎ እሱንም ጣለው። በካሚዮን ተጭኖ ተመለሰ፤ ብስክሌቱ የተረገጠ ጃንጥላ መስሏል። ወደ እኛ ቤት ግን ለወቀሳ አልመጣም። መስቀል ካለፈ በኋላ ቀበሌው አፈሰው። እናቱ የታፈሱት ካሉበት ካምፕ አጥር ውጭ ዳቦ ይዛ ስትጠብቅ ሰንብታ ተመለሰች።

በ1983 ክረምት ሠራዊቱ ሲበተን ወታደሮች በእግር፣ በጭነት መኪና፣ ባዶ እግራቸውን እየገቡ ነበር። ወርቄ መናኸሪያ እየሄደች የእያንዳንዱን ፊት ስታይ ከረመች። የገርባ ጓደኛ የነበረ አንድ ልጅ መጥቶ መሞቱን ነገራት። ልቅሶው ካለቀ በኋላ አንድ ቀን ወደ ሱቃችን መጣች። ይህን የምጽፈው ለእሷ ነው፤ ማንበብ ባትችልም የሚያነብላት አይጠፋም። ኑሬ ያን ጊዜ ሚስት አግብቶ፣ ልጆች ወልዶ፣ ፋብሪካውን ትቶ ሱቁን የጥገና ቤት አድርጎታል። ወልደአማኑኤል አገር ጥሎ ጠፍቷል። ቀበሌው ባዶ ነው። የሚያስፈራ አንድም ሰው በከተማው አልቀረም።

ወርቄ በርጩማ ላይ ተቀመጠች፤ እኔ ከውስጥ እሰማለሁ። ነጠላዋን አጣፋች።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ ብዬ ነው የመጣሁት። ገርባ ያን ጊዜ ከውድድሩ በፊት፣ ኑሬን ልጠይቀው ብሎ ያን ብረት ይዞ ከቤት ወጥቶ ነበር። ምን አልከው?»

ወንድሜ የያዘውን መፍቻ አስቀመጠ።

«ረጅሙን ግጠም አልኩት፣ እማማ ወርቄ። ለአሰላ ረጅሙ ነው ብዬ ለመንኩት። ምን ያደርጋል፣ አልሰማኝም።»

ወርቄ ለረጅም ጊዜ ራሷን ነቀነቀች።

«አዬ ገርባ! ድሮም ሰው አይሰማም ነበር። በገዛ እጁ ነዋ እንግዲህ። አንተስ ወንድም ሆነኸው ነበር። እግዜር ያክብርህ፤ ልጆችህን ያሳድግልህ» አለችው።

«አሚን» አለ ወንድሜ።