ያልተቀበረው ቱቦ

የጋለ ፕላስቲክ ሽታ ሆዴን ያባባዋል። ዛሬ ሪያድ ውስጥ በምሠራበት ቤት ጣሪያ ላይ የቧንቧ ሠራተኛው ነጩን ቱቦ በእሳት እያለሰለሰ ሲያጋጥም፣ ባልዲ እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። «ያላ ያ ቢንት፣ ሞያ» አለኝ፤ ቶሎ በይ፣ ውሃ ማለቱ ነው። ውሃውን አቀበልኩት። ልቤ ግን ወሎ፣ አባቴ ዘንድ ሄዷል።

እናቴ በኩራዝ ጭላንጭል ስትወልድ ነው የሞተችው። ሕፃኑም አልተረፈ። ከዚያ ወዲያ አባቴ ወሬው ሁሉ መብራት ሆነ። ከገደሉ የሚወርደው ውሃ ትንሽ ተርባይን ያዞራል ብሎ መንደሩን አሳመነ፤ ከከተማም ባለሙያ አስመጣ።

ባለሙያው ቱቦውን ሲያስመርጥ ትዝ ይለኛል። ታች፣ ውሃው ጉልበት በሚያገኝበት በኩል፣ ብረት ይሁን አለ። ላይኛውን ፕላስቲክ ይችለዋል። «ግን ቅበሩት፤ ፀሐይ ያደርቀውና ይሰነጠቃል።» ብረቱን የቅሬው ሰዎች፣ ቀብር የሚያወጡት፣ በትከሻቸው ተሸክመው ቁልቁል አወረዱት። አንዱ፣ «ከዚህስ ሬሳ ይሻላል፤ እሱ ትከሻ አይልጥም» ሲል ሁሉም ሳቁ።

የፕላስቲኩ መስመር በመቃብሩ ጠርዝ፣ በእናቴ ራስጌ ያልፋል። ቆፋሪዎቹ እዚያ ሲደርሱ አባቴ ዶማውን ያዘ።

«እሷ ጎን አይቆፈርም።»

«ኧረ አንተ ሰው፣ ሌላ መንገድ የለውም እኮ።»

«ከላይ ይለፍ። እኔ አለብሰዋለሁ።»

በሣርና በቅጠል አለበሰው። ነፋስ በገለጠው ቁጥር እየሄደ ያለብሰው ነበር።

መብራቱም በራ። አባቴ ከአምፖሉ ሥር ተቀምጦ፣ እናቴ የተኛችበትን መደብ ሲያይ አመሸ።

በጋው እየተደጋገመ መጣ። አንድ ጠዋት ቱቦው ፈንድቶ አገኘነው። ውሃው የእናቴን መቃብር ሲያጥበው አድሯል። ድንጋዮቹ ተንሸራተው፣ ከጭቃው ውስጥ የከፈኑ ጫፍ ይታያል። አባቴ ፊቴን በጋቢው ሸፈነኝ። አፈሩን በእጁ መለሰላት። ከዚያ ሽቅብ ወጥቶ ውሃውን ዘጋው። ይጠገን ብሎ ደፍሮ የተናገረው ሰው የለም። መንደሩ ወደ ኩራዙ ተመለሰ፤ እኔም ትምህርቴን ከአምስተኛ ክፍል አቋርጬ፣ ውዬ አድሬ ካርቱም፣ ከዚያም ሪያድ ገባሁ።

ባለፈው ደወልኩለት።

«እዚያ መብራት አለ?» አለኝ።

ያን ሰሞን እዚህ ካህረባው፣ መብራቱ ማለት ነው፣ ጠፍቶ በሙቀት እየተቃጠልን ነበር።

«አለ፣ አባዬ።»

ሲተነፍስ ይሰማኛል።

«እንግዲያው ስትወልጂ እዚያው ውለጂ» አለኝ።

እኔ እኮ የደወልኩት፣ ነይ እንዲለኝ ነበር።