የይርሳው ፈሰስ

ሠላሳ አንድ ዓመት መሬት ስቀይስ ዘንግ ይዤ አላውቅም ነበር። የመለኪያውን ዘንግ የሚይዘው ሌላ ሰው ነው፤ እኔ በመሣሪያው መነጽር እያየሁ «ቀጥ አድርገው! ዘመመ እኮ!» እያልኩ የምጮኽ ነበርኩ። ዛሬ በጡረታዬ ዘንግ ያዥ ሆኛለሁ። የምይዘውም ለፀደንያ ይርሳው ነው፤ ዕድሜዋ ከመጨረሻ ልጄ ያንሳል። የሚስቅ ካለ ይሳቅ፣ እኔ ግን በዚህ ሥራ የምኮራውን ያህል በቀድሞው አልኮራሁም።

ፀደንያ የተወለደችው ከቡሬ ከተማ በላይ ባለው ተረተር ላይ ነው። አባቷ አያ ይርሳው በርበሬ አብቃይ ናቸው፤ ደጃፋቸው ቆመው የከተማውን ቆርቆሮ ቁልቁል ያያሉ። ባሕር ዳር የውሃ ምህንድስና ተምራ ወደ መሥሪያ ቤታችን፣ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ፣ ስትመጣ እኔ ጡረታ ልወጣ ጥቂት ወራት ቀርተውኝ ነበር። ላፕቶፗን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችና «ጋሽ አንዷለም፣ ጎርፍን ሳይመጣ ማየት ይቻላል» አለችኝ። «እኛም ሲመጣ እናየዋለን» አልኳት። አልተቀየመችም። የማትቀየም ሰው ደግሞ ያናድደኛል።

ሲመጣ ማየቱንስ በደንብ አይተነዋል። ከገበያው በታች፣ ታች ሰፈር የምንለው ቦታ፣ አርባ የሚሆን ቤት አለ። ያን ክረምት ውሃው ሀጂራ ሱቅ ገብቶ እስከ ሁለተኛው መደርደሪያ ያለውን ጨርቅ በጭቃ ለወሰው። ሀጂራ ባሏ ከሞተ በኋላ በዚያች ሱቅ አራት ልጆች አሳድጋ ለወግ ለማዕረግ ያበቃች ሴት ናት፤ መኖሪያዋም ከሱቁ ጀርባ ነው። ጨርቁን አጥባ አሰጣችው እንጂ ለማንም አላለቀሰችም።

ፀደንያ ሥራዋን የጀመረችው ከዚያ ነው። የምትሠራበት ሶፍትዌር በነፃ የሚገኝ፣ የከተማን ጎርፍ የሚያሰላ ነው። ከተማውን እንደ ድፎ ዳቦ ትቆራርጠዋለች። ለእያንዳንዱ ቁራጭ ስፋቱን፣ ተዳፋቱን፣ ምን ያህሉ ቆርቆሮና ድንጋይ፣ ምን ያህሉ አፈር እንደሆነ ትነግረዋለች። ቦዩንና ቱቦውን በመስመር ታያይዛለች። ከዚያ ዝናቡን በየደቂቃው ለክታ ትሰጠዋለች፤ እሱም የቱ ቦይ በስንተኛው ደቂቃ ሞልቶ እንደሚፈስ ይነግራታል። የሚሞላው ቦታ ስክሪኑ ላይ ቀይ ይሆናል። እኔ «የልጅ ጨዋታ ነው» ብዬ ጡረታዬን ወጣሁ።

በበጋው በእሷ ስሌት አዲስ ቦይ ተሠራ። ሐምሌ ገባ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዘነበ፣ ውሃውም አዲሱን ቦይ እንደ ዋዛ ዘሎ ሀጂራ ሱቅ ገባ። ሰው እየበረረ መጥቶ ጨርቅ አወጣ። በማግስቱ በየሻይ ቤቱ «የፀደንያ ኮምፒውተር ዝናብ አይገባውም» ተብሎ ተቀለደ። እኔም ስቄያለሁ፤ ያውም ከሁሉም ጮክ ብዬ። አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

ቀልዱ ግን ብዙ አልቆየም። ስብሰባ ተጠራና ለሦስተኛ ክረምት ውሃ ከገባ ታች ሰፈር ይነሳል ተባለ። አርባው ቤት ፈርሶ ሰዉ ከከተማው ጫፍ ምትክ ቦታ ሊሰጠው ነው። ሀጂራ ከኋላ ወንበር ተነስታ ፀደንያን ብቻ እያየች «ልጄ፣ እኔ አልተቀየምኩሽም። ግን ኸገበያ የራቀች ጨርቅ ሻጭ ምን ትሆናለች? እስኪ ደግመሽ እይው» አለቻት። ፀደንያ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች።

በሦስተኛው ቀን ቤቴ መጣች። ዓይኗ አብጧል። «ጋሽ አንዷለም፣ በካርታው ልክ የተረተሩ ውሃ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ወንዙ ነው መውረድ ያለበት። ከተማ የገባው ውሃ ግን የስሌቱ እጥፍ ነው። መሬቱን እንደገና ልለካው ነው፤ ዘንግ ይያዙልኝ» አለች። ዘንግ! ለእኔ! ልቆጣ አፌን ከፈትኩና የሻይ ቤቱ ሳቄ ትዝ አለኝ። ጃንጥላዬን አንስቼ ተከተልኳት።

በጭቃው እየዳከርን ተረተሩን ስንወጣ አያ ይርሳው በርበሬ ማሳቸው ውስጥ በዶማ ይቆፍራሉ።

«አባየ፣ በዚህ ዝናብ ምን እየሠሩ ነው?» አለቻቸው።

«ምን እሠራለሁ ልጀ፣ ፈሰስ እጠርጋለሁ። በርበሬ ውሃ ኸተኛበት ሥሩ ይበሰብስ አይዶለም?»

ፈሰስ ማለት ገበሬው በየክረምቱ ለማሳው በሰያፍ የሚያወጣለት የውሃ መውረጃ ነው። አገር የሚያውቀው ነገር ነው። ፀደንያ ግን ባለችበት ቆማ ቀረች።

«ውሃውን ወዴት ነው የሚያስወጡት?»

«ወዴት ይሆናል፣ እንደ ጥንቱ ወደ ገበያ መንገድ ነዋ! ሰው በወረደበት ይወርዳል።»

ልጅቱ ጭቃው ላይ ዝርፍጥ ብላ ተቀመጠች። «ጋሽ አንዷለም፣ ፈሰሱን ረስቼዋለሁ» አለች። ካርታው የተሠራው በጥር በተነሳ የሳተላይት ፎቶ ነው፤ በጥር ደግሞ ፈሰስ የለም፣ ታርሶ ጠፍቷል። ሶፍትዌሩ የውሃ መውረጃዎችን አስገቢ ሲላት በሲሚንቶ የተሠራውን ሁሉ አንድ ሳታስቀር አስገብታ፣ በልጅነቷ ከአባቷ ጋር ስትጠርገው ያደገችውን ከቁጥር አላገባችውም። አጠገቧ ስለነበረ መውረጃ አልመሰላትም። የባዕድ አገር መሐንዲስ ቢሆን ስለማያውቀው ይሳሳታል፤ እሷ ስለምታውቀው ተሳሳተች።

አያ ይርሳው ዶማቸውን ተደግፈው አዩዋትና ሳቁ። «ይርሳው የተባልሁት እኔ፣ የረሳሽው አንች! ስም እንዲህ ይወረሳል?»

ሁለት ሳምንት ሙሉ ተረተሩን አካለልነው። እሷ በመሣሪያው ታያለች፣ እኔ ዘንጉን እይዛለሁ፣ «ትንሽ ወደ ግራ፣ ጋሽዬ» ትለኛለች፣ እሄዳለሁ። የሰባት ገበሬ ማሳ፣ ሃምሳ ሦስት ፈሰስ። ሁሉንም አስገብታ የዚያን ቅዳሜ ዝናብ ሰጠችው። በሃያ ሁለተኛው ደቂቃ ሀጂራ ደጅ ላይ ቀይ በራ። ሀጂራም ውሃው የገባው የአስር ሶላት አዛን ተጠርቶ ሃያ ደቂቃ ገደማ ሲሆን ነው ብላ ነበር፤ ዝናቡም የጀመረው ከአዛኑ ጋር ነው። ያን ጊዜ «የልጅ ጨዋታ» ያልኩትን ቃሌን በልቤ አነሳሁ።

መሥሪያ ቤት «እንግዲያው ፈሰሱ ይደፈን» ተባለ። ፀደንያ አልተስማማችም። «የገበሬው በርበሬ በስብሶ የከተማው ሱቅ አይድንም» ብላ ሌላ ሐሳብ አወጣች። ግማሹ ፈሰስ ወደ ምዕራብ ዞሮ ሣር በተተከለበት የጋራ ቦይ ወንዝ ይግባ፣ የከተማው ቦይም ይስፋ አለች። ስሌቱ ሁለቱም ወገን እንደሚድን ያሳያል። ነገር ግን ፈሰስ ማዞር ቀላል አይደለም። ውሃህን ወደ ጎረቤትህ ድንበር ስታስጠጋ ዱላ ያማዝዛል። በእኛ አገር በፈሰስ ስንቱ ተካሷል።

በጥቅምት አንድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሰባቱ ገበሬዎች ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጡ። ፀደንያ ላፕቶፗን በርጩማ ላይ አድርጋ አሳየች። አንዱ ሽማግሌ «ውሃው ማሳዬን ቢያጥበውሳ? ይኸ ሳጥንሽ ዋስ ይሆናል?» አሏት።

«ሳጥኑ ዋስ አይሆንም፤ እኔ እሆናለሁ» አለች።

«ያንችስ ዋስ ማን ነው?»

አያ ይርሳው ከወደ ጥጉ ተነሱ። «የእሷ ዋስ እኔ ነኝ። መጀመሪያ የሚዞረውም የእኔ ፈሰስ ይሁን» አሉ። ፀደንያ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ከዚያ በኋላ ያንገራገረ አልነበረም።

ቦዩ ሰፋ፣ የሣሩም ቦይ ተቆፈረ። በሰኔ ፀደንያ የቀለም ብሩሽ ይዛ መጣችና ከሀጂራ ደፍ አንድ ስንዝር ዝቅ ብላ ግድግዳው ላይ ቀይ መስመር አሰመረች። «ያምናው ዓይነት ዝናብ ቢመጣ ውሃው እዚህ ይቆማል» አለች። «ለጎርፍም መስመር ይሰመርለታል?» ብሎ መንደሩ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ጨንቆኝ ነበር።

ዝናቡ የመጣው ሐምሌ አጋማሽ፣ በገበያ ቀን ነው፤ ካምናው ቢብስ እንጂ አያንስም። ታች ሰፈር ስደርስ ሀጂራ ጨርቋን ጠቅልላ ደጇ ላይ ቆማለች፣ ፀደንያም አጠገቧ። ሁለቱም ግድግዳውን ብቻ ያያሉ። ቡናማው ውሃ ቦዩን ሞልቶ እየተንደረደረ ወጣ፣ ወጣና ወደ መስመሩ ተጠጋ። እኔ ማየት አቅቶኝ ዞርኩ። መልሼ ሳይ ውሃው ቆሟል። ዝናቡ ሲያባራም ቁልቁል መጉደል ጀመረ።

ሀጂራ ጎንበስ ብላ ከመስመሩ እስከ እርጥቡ ምልክት በጣቷ ለካች። «ሁለት ጣት ተሳስተሻል» አለቻት። ውሃው ሁለት ጣት ዝቅ ብሎ ነበር የቆመው። ከዚያ አቅፋት «አልሐምዱሊላህ፣ ልጄ» እያለች ሁለት ዓመት የያዘችውን ልቅሶ አለቀሰችው። ታች ሰፈር ዛሬም እዚያው አለ።

አያ ይርሳው በማግስቱ ዶማቸው ጭቃ እንደያዘ መሥሪያ ቤት መጡ። ከግድግዳው ትልቁ ካርታ ላይ ቦዩ ሁሉ በቁጥር ተጽፏል፤ ከተረተሩ የሚነሳው አንዱ ሰማያዊ መስመር ብቻ ስም አለው። ቀስ ብለው አነበቡት።

«ይኸ የእኔ ስም አይዶለም? ከተማ ያጎረፈ ብለሽ ነው የጻፍሽኝ?»

«አይደለም አባየ። ሁለተኛ እንዳልረሳው ነው።»

«እንዳይረሳ ይርሳው አልሽው?» ብለው ሳቁ። ጣታቸውን በጋቢያቸው ጠርገው መስመሩን ከማሳቸው እስከ ሀጂራ ደጅ ተከተሉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«አያ አንዷለም፣ ይኸ ሲለካ ዘንጉን የያዙት እርሰዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ» አልኳቸው። «ቀጥ አድርጌ።»