ባለ አምስት ቀዳዳው ቻርጀር

ትናንት ከምሠራበት ላይብረሪ፣ ተማሪዎች የኤሌክትሪክ ዕቃ ከሚሠሩበት የጥገና ክፍል፣ የሽቦ መበየጃ የቀለጠ እርሳስ ሽታ ሲመጣ፣ እጄ ላይ የነበረውን መጽሐፍ ሳላውቀው ዘጋሁት።

ያኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ እዚህ ውጭ አገር ትምህርት ቤት ከገባሁ ገና ሁለት ወሬ ነው። ፓርክዴል በሚባለው ሰፈር ከሦስት ደባሎች ጋር በምንኖርበት ቤት፣ አባባ በባዶ የአይስክሬም ዕቃ ውስጥ ለሁላችንም ስልክ የሚበቃ ባለ አምስት ቀዳዳ ቻርጀር ይሠራል። እሱ ሽቦ ልጦ በቀለጠ እርሳስ ይበይዳል፣ እኔ የኤሌክትሪክ መለኪያውን አነባለሁ።

«ስንት ቮልት ይላል?»

«አምስት።»

«ከነጥቡ በኋላስ?»

«አንድ።»

«እንዲህ ነው የኔ ተማሪ።»

ደባላችን ጋሽ ታዬ ስልካቸውን ይዘው ቀረቡ። «በል እንግዲህ፣ በኔ ጀምር።»

አባባ «ይቆዩ ጋሼ» ብሎ የራሱን ስልክ አነሳ። እማዬ ከአዲስ አበባ የምትደውለው በዚያ ስልክ ብቻ ነው፤ የቪዛዋን መልስ ልትነግረን የቀጠረችን ደግሞ ያን ዕለት ነበር።

«ቢቃጠልስ?» አልኩት።

«እሳቸውም የሚጠብቁት ሰው አለ» ብሎ የራሱን ስልክ ሰካው።

መልስ አልመሰለኝም፤ አኮረፍኩት። ስልኩ ግን በራ፤ ከሰዓት እማዬ ደወለች።

ትናንት ሽታውን ተከትዬ ጥገና ክፍሉ በር ላይ ስደርስ፣ አንዲት ተማሪ የሠራችውን ቻርጀር ይዛ ቆማለች።

«በማን ስልክ ልሞክረው?» አለች።

የኔን ከቦርሳዬ አወጣሁ።