ከናይጄሪያ የመጣው ትኩሳት

ባሌ የውኃ ጉድጓድ ቆፋሪ ነው። እዚሁ ጅጅጋ ዙሪያ ቀብሪበያም ደምበልም ሠርቷል፤ የዚያን ዓመት ግን ናይጄሪያ ገጠር ውስጥ ሥራ አግኝቶ ሄደ። የሚያድረው እህል በተከማቸበት ቤት ነበር። አይጥ ፊቱ ላይ እንደምትሮጥ በስልክ እየሳቀ ይነግረኝ ነበር። ጅጅጋ በገባ በሳምንቱ ትኩሳት ጣለው።

ሰፈራችን ወዳለው ክሊኒክ ወሰድኩት። እዚህ ትኩሳት ይዞት የሄደ ሁሉ ወባ ወይ ታይፎይድ ተብሎ ነው የሚመለሰው፤ ሐኪሙም ቀና ብሎ ሳያየን ታይፎይድ ነው አለ። «ዶክተር፣ ከናይጄሪያ ነው የመጣው፤ አይጥ በሞላበት ቤት ነው የከረመው» አልኩት። ሳቀብኝ። «ምነው እህቴ፣ ጅጅጋ አይጥ ጠፍቶ ነው?» ነርሷም አብራው ሳቀች። ያንን ሳቅ እስክሞት አልረሳውም።

ለታይፎይድ ያዘዘለትን መርፌ ተወጋ፤ ጭራሽ ባሰበት። ፊቱ አበጠ፣ ድዱ ደማ። አዲስ አበባ ስናደርሰው አንዲት ሐኪም ገና ሳትነካው የት እንደከረመ፣ የት እንደተኛ፣ ምን እንደበላ ጠየቀችኝ። ለብቻው አስተኛችው፤ ደሙም ተልኮ ተመረመረ። ላሳ የሚባል፣ ከአይጥ የሚመጣ የቫይረስ በሽታ ሆኖ ተገኘ። ነፍሱ ተረፈች። ጆሮው ግን ደነቆረ፤ ሁለቱም። ቶሎ ቢታወቅም መስማቱ ላይተርፍ ይችል ነበር ብላኛለች ሐኪሟ። ይሁን፤ የኔን አንጀት ግን አላራሰውም።

ጅጅጋ ስመለስ ጨርቅ የምሸጥበት ሱቄ ቁጭ ብዬ የክሊኒኩን ጉድ ለገባ ለወጣው ሁሉ አወራሁ። ሽርጥ ሊገዛ ለመጣ፣ ዋጋ ጠይቆ ለሚሄድ፣ ለሶማሌዎቹም በተሰባበረ ሶማሊኛዬ። ክሊኒኩ ጭር አለ። ደስ አለኝ፤ ምን እዋሻለሁ።

በመጨረሻ ሐኪሙ ሽማግሌዎች ይዞ ሱቄ መጣ። ሽማግሌ ደጅ ቆሞ እምቢ ማለት ነውር ነው፤ እሱም ይህን ያውቃል። «ለእነሱ ስትይ ይቅር በይኝ» አለ አንገቱን ደፍቶ።

«ተበዳዩ እሱ ነው» አልኩና ከኋላዬ ጨርቅ የሚያጥፈውን ባሌን አሳየሁት። «እሱን ጠይቀው።»

ጠየቀው። ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመው። ከዚያ ጮኸ። ባሌ በትኩሳት እየተቃጠለ ያየውን ፊት አላስታወሰም፤ ግራ ገብቶት ወደ እኔ ዞረ። «ምን ፈልገው ነው?» አለኝ።

ሽማግሌዎቹ አፍ አፌን አዩ። ከመደርደሪያው አንድ ሽርጥ ስቤ ለባሌ አሳየሁት። እሱም ሊገዙ የመጡ መስሎት ፈገግ ብሎ ሽርጦቹን አንድ በአንድ እየዘረጋ ያሳያቸው ጀመር።