ትራስ ላይ ያስተማርሁት

ይህ ነገር የገጠመኝ ባለፈው ክረምት፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ እኛ መምህራን ስልጠና በምንወስድበት ሰሞን ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ መጀመሪያ ሕክምና እርዳታ በተወራ ቁጥር የአባቴ ጥያቄ ጆሮዬ ውስጥ ያቃጭላል።

ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ ባለ አንድ ትምህርት ቤት አስተማሪ ነኝ። ተማሪዎቻችን ከክፍል እየጠፉ ወንዝ ዳር መዋል ስለሚወዱ፣ አደጋ ሲደርስ ፈጥነው የሚረዱ መምህራን ይሰልጥኑ ተባለና እኔም ተመረጥሁ። ሐይቁ ዳር ባለ አዳራሽ የፕላስቲክ አሻንጉሊት መሬት ላይ አጋድመን ትንፋሽ ስንሰጥ፣ ደረቱን ስንጫን ዋልን። መጀመሪያ ስንሳሳቅ ነበር፤ ኋላ ግን ነገሩ ገባን። ውሃ የበላውን ሰው ዘቅዝቆ ማራገፍ ጊዜ ማባከን እንደሆነ አሰልጣኙ ደጋግሞ ነገረን።

እኔ ደግሞ የሰማሁትን ሳልናገር ማደር አልችልም። ባለቤቴ በዚህ ሁልጊዜ ይቀልድብኛል። ያን ቀን ቤት እንደገባሁ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ልጆቼን ሳሎን ሰብስቤ፣ ትራስ ምንጣፉ ላይ አጋድሜ ማስተማር ጀመርሁ። አባቴም ነበሩ። ለዓይናቸው ሕክምና ከደቅ ደሴት በጀልባ መጥተው እኛ ዘንድ ሰንብተዋል። ሶፋው ጥግ ጋቢያቸውን ደርበው ያዳምጡኛል።

ትልቋ ልጄ፣ መጀመሪያ ዘቅዝቆ ውሃውን ማውጣት አይሻልም ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

"እንዳትሞክሪው" አልኋት፣ እንደ አሰልጣኙ ጣቴን ቀስሬ። "ሰው የሚያልቀው ውሃውን እናውጣ ሲሉ ነው። ቶሎ ትንፋሽ ቢሰጡት የሚተርፍ ስንት አለ።"

ታናሽ ወንድሜ ይርጋ ትዝ ያለኝ ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

ይርጋ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ፣ ደቅ ላይ ታንኳ ከሚታሰርበት ቦታ ሐይቁ ውስጥ ወደቀ። አባቴ ዘለው ገብተው አወጡት። ያገሩ ሰው እንደሚያደርገው ቁልቁል ትከሻቸው ላይ አንጠልጥለው፣ ውሃው እንዲወጣለት እያናወጡት ሮጡ። ውሃው ወጣ፤ ልጁ ግን አልነቃም። እናቴ ሐዘኑ ሲበረታባት አባቴ፣ "ውሃውን እኮ አውጥቼለት ነበር፤ ያላደረግሁት ነገር የለም" እያሉ ያጽናኗት ነበር። እኛም ያን እየሰማን አደግን። ራሳቸውም ጸንተው የቆሙት በዚያ ቃል ነበር።

ዞር ብዬ ሳያቸው አንገታቸውን ደፍተዋል። የተበላሸውን ላስተካክል ብዬ፣ "ትንፋሽ ቢሰጡትም ሁሉም አይተርፍም እኮ፣ አባየ" አልሁ። እሳቸው ግን እራት ሳይበሉ ተኙ።

በማግስቱ ልጆቹ ከቤት ሲወጡ አባቴ ጠሩኝ። ትራሱን ምንጣፉ ላይ አስቀምጠው አጠገቡ ተንበርክከዋል።

"እስቲ ለኔም አሳይኝ" አሉ። "እኛ አገር ልጆች ዛሬም እዚያው ውሃ ላይ ናቸው።"

እጆቻቸውን ይዤ አሳየኋቸው። ጥቂት ተጫኑና ቆም አሉ። ከዚያ ቀና ሳይሉ ጠየቁኝ።

"ለሰባት ዓመት ልጅስ እንዲህ ነው?"

እንደምንም ብዬ፣ "ለሱ አንድ እጅ ይበቃዋል" አልኋቸው።

አንዱን እጃቸውን አነሱና በሌላው ቀስ እያሉ መጫን ቀጠሉ። ክንዳቸውን እስክይዘው ድረስ አላቆሙም።

መሰልጠኔም፣ ልጆቼ መማራቸውም አይቆጨኝም። ነገ ያ እውቀት የሰው ልጅ ሊያተርፍ ይችላል። የሚቆጨኝ አፌን ከመክፈቴ በፊት ሶፋው ላይ ማን እንደተቀመጠ አለማየቴ ነው። አባቴ አሁን ወደ ደቅ ተመልሰዋል። ስደውልላቸው ስለ ዓይናቸውና ስለ እርሻው ያጫውቱኛል፤ የይርጋም ስም አንዳንዴ ይነሳል። "ውሃውን አውጥቼለት ነበር" ሲሉ ግን ከዚያ ወዲህ ሰምቻቸው አላውቅም።